ምዕራፍ አራት፦ ኮሶ የጠጣ ሀገር ለምን ከትል አልተላቀቀም?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከተማዋ የነገሥታት መናገሻ ነበረች። ብሩስ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ጦርነቱ ብዙ ጽፏል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ግን ከነሥዕሉ የገለጸው አንድ ዛፍም አለ፤ ኮሶ። ዛሬም ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ይህን ዛፍ በደጋው ላይ አያጣውም። መኳንንቱም ገበሬውም፣ ካህኑም ወታደሩም የሴቴውን አበባ አድርቆ፣ ወቅጦና ዘፍዝፎ የሆድ ትል ለማስወጣት በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ዘንድ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ የሚታወቅ ነበር።

መድኃኒቱ ይሠራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ የኮሶ አበባ ከእኛ ሀገር እያስመጡ ይሸጡ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ሰው እንደሚጎዳና ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥም አያቶቻችን ያውቃሉ። ከኮሶው ሌላ እንቆቆ፣ መተሬና የዱባ ፍሬም ነበራቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ መድኃኒት የያዘ፣ በየጊዜውም ሳያሰልስ የሚጠጣ ሕዝብ ትሉን ለምን አላጠፋውም? ለምንስ ወር አልፎ ወር በመጣ ቁጥር መልሶ መጠጣት አስፈለገው?

መልሱ ያለው ኮሶው ከተጠጣ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። ጠጪው ትሉን የሚያወጣው ከቤቱ ጓሮ፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ ነበር። የኮሶ ትል ከ4 እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሰውነቱ ጥብጣብ መሳይ ሆኖ በብዙ ቁራጭ የተቀጣጠለ ነው፤ በአንድ የበሰለ ቁራጭ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይገኛል። እንቁላሉ ሣር ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሬው ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይውጠዋል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከእንስሳው አንጀት ወጥቶ ጡንቻው ውስጥ ይቀመጣል፤ በሦስት ወር ገደማም ሰው ለመያዝ ይደርሳል። በሬው ለበዓል ሲታረድ ሥጋው በጥሬው ይቀርባል። ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ተመጋቢው አንጀት ውስጥ አዲስ ትል ያድጋል፤ ሰውየውም ኮሶ ይፈልጋል። ሆዱን ያጸዳው ያ ሰው የራሱን መሰማሪያ በክሎ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምናየው ከሆድ ውጭ ያለውን የትሉን መንገድ ነው። የአንጀት ጥገኞች ሁሉ ግማሽ ሕይወታቸውን የሚያሳልፉት በአፈር፣ በውሃ፣ በእጅ ወይም በእንስሳ ላይ ነው። መድኃኒት የሚደርሰው ሆድ ውስጥ ባለው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚቆርጠው ንጽሕና ነው፤ ንጽሕና ስንልም ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚጸዳ ለይቶ ማወቅ ይጠይቃል።

ክኒኑም እንደ ኮሶው

ዛሬ የኮሶን ቦታ ክኒን ይዞታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር በሀገር አቀፍ ደረጃ በየትምህርት ቤቱ የጸረ ትል ዘመቻ ያካሂዳል። ተማሪው ተሰልፎ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ይውጣል፤ ቢልሃርዚያ ባለበት ወረዳ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ይጨመርለታል። ዘመቻው ትልቅ ውለታ ነው። በትል የተጠቃ ሕፃን የበላው አይሆነውም፤ ደሙ ያንሳል፤ ክፍል ውስጥ ይፈዛል። አንድ ክኒን ይህን ሸክም በቀናት ውስጥ ያነሣለታል።

ሆኖም ልጁ ክኒኑን ውጦ የሚመለሰው ወደዚያው ግቢ ነው። ከልዩ ልዩ ሀገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ላይ ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትንተና ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ሕክምና ከተሰጠ ከ3 ወር በኋላ የወስፋት ስርጭት ከመታከሙ በፊት ከነበረው ወደ 26 በመቶ ይደርሳል፤ በ6 ወሩ 68 በመቶ፣ በ12 ወሩ ደግሞ 94 በመቶ ይሆናል። ዓመት ሲሞላው ነገሩ ወደነበረበት ለመመለስ ተቃረበ ማለት ነው። የመድኃኒቱ ስም ቢቀየርም የጥንቱ የኮሶ ታሪክ እዚህም ይደገማል።

ወስፋት ከግቢ እስከ አፍ

በደጋው ትልቁን ቦታ የሚይዘው ወስፋት ነው። ሴቷ ወስፋት ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ 15 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ውጫዊ ሽፋኑ ተጣባቂ በመሆኑ በጥፍር ሥር፣ በጎመን ቅጠል እጥፋት፣ በልጅ መጫወቻና በልብስ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ከአንጀት ገና የወጣ የወስፋት እንቁላል ሰው አይዝም። እርጥበትና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በላይ መክረም አለበት። የደባርቅ ወይም የዳባት ብርድ ይህን እድገት ያዘገየዋል እንጂ እንቁላሉን አይገድለውም፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር እንዲያውም ዕድሜውን ያረዝምለታል። የሚጠላው ድርቀትንና የጠራራ ፀሐይን ነው። ስለዚህ አንድ ሕፃን ዛሬ ከጓሮ የተጸዳዳበት ቦታ የሚያሰጋው ከወር በኋላ ነው፤ ያኔ ዝናቡ አጥቦት፣ ዓይነ ምድሩ ከዓይን ጠፍቶ፣ ቦታው ንጹሕ መስሎ ሌላ ልጅ ተቀምጦ አፈር ይጫወትበታል።

ልጁ እጁን ወደ አፉ ሲሰድ እንቁላሉ ወደ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ይፈለፈላል፤ እጩ በደም ሥር በጉበት አልፎ ሳንባ ይደርሳል። እናቶች ብርድ መትቶት ነው የሚሉት ሳል አንዳንዴ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። እጩ በጉሮሮ ወጥቶ ተመልሶ ይዋጥና አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሲበዙ ተቋጥረው የሕፃን አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳሉ።

ጃርዲያና አሜባ ግን አፈር ውስጥ መክረም አያስፈልጋቸውም፤ ከአንዱ ሰው እንደወጡ ሌላውን ይይዛሉ። ጃርዲያ ሰውን ለመያዝ አሥር ያህል ቅንጣት ይበቃዋል። ለእነዚህ አጭሩ መንገድ እጅ ነው፤ ከሽንት ቤት የወጣ፣ ሕፃን ያጸዳዳ፣ ከዚያም ሊጥ የነካ እጅ።

ሳሙናው የሚመጣበት ሰዓት

የጎንደር ቤት እንግዳ ሲቀበል እጅ ሳያስታጥብ ገበታ አያቀርብም። ከቤቱ ልጆች አንዱ ማስታጠቢያውን ይዞ ይቆማል፤ ከታላቅ ተጀምሮ በየተራ ውሃው በጣቶች ላይ ይፈሳል። ከዚያ ይበላል፤ ጉርሻም ይሰጣል። ማዕዱ ሲያበቃ ማስታጠቢያው ይመለሳል፤ በብዙ ቤት ሳሙናው የሚቀርበው በዚህኛው ዙር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጡ ቅባት አለው፣ ሽታውም እጅ ላይ ይቀራል። ከምግብ በፊት ግን እጅ ንጹሕ ይመስላልና ውሃው ብቻ በቂ ተደርጎ ይታያል።

ለጤናችን የሚበጀው የዚህ ተቃራኒ ነው። የወስፋት እንቁላል ተጣባቂ ስለሆነ በላዩ ላይ በፈሰሰ ውሃ ብቻ አይለቅም። ሳሙና የሚሠራው እንቁላሉን በመግደል ሳይሆን ከቆዳ ላይ በማላቀቅ ነው፤ ስለዚህ ማሸቱ ራሱ የሥራው ዋና ክፍል ነው። በመዳፍ፣ በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ዙሪያ ለ20 ሰከንድ ያህል ታሽቶ በሚወርድ ውሃ ይታጠባል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የለመድነው አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ የወስፋትን እንቁላል አይገድለውም፤ ከእጅ ላይም አያነሣውም። ሳሙና ያጣ ቤት ከምድጃው አመድ ዝግን አድርጎ ሊያሽበት ይችላል።

ይህ ምክር ከእኛው አካባቢ በተገኘ ማስረጃ የተደገፈ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በትግራይ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 367 የትምህርት ዕድሜ ላይ የደረሱ ልጆችን ተከታትሏል። ልጆቹ መጀመሪያ ከጥገኞች ታከሙ፤ ከዚያ ቤተሰቦቻቸው በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ወገን ሳሙናና ስለ እጅ መታጠብ ተከታታይ ምክር አገኘ፤ የሌላው ወገን ልጆች ጥፍር በየሳምንቱ ተቆረጠ፤ ሁለቱን ያገኙም፣ አንዱንም ያላገኙም ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ በሳሙና መታጠብ ከታከለላቸው ልጆች እንደገና የተያዙት 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልታከለላቸው 29 በመቶ ነበሩ። ጥፍራቸው ከተቆረጠላቸው 17 በመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው 26 በመቶ ተይዘዋል። ጎንደር ላይ ከየትኛውም ሱቅ የሚገዛ ሳሙና ዳግመኛ መያዝን በግማሽ ገደማ፣ ምላጭም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳሉ ማለት ነው።

ሳሙና የግድ የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት አራት ናቸው፤ ከሽንት ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት በፊት፣ ከመብላትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት። ጉርሻ የፍቅር ምልክት የሆነበት ባህል ለሚያጎርሰው እጅ ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ውሃ በጀሪካን ሲሆን

እዚህ ላይ አንባቢ ውሃውስ ከየት ይምጣ ቢል እውነት አለው። ጎንደር ለዓመታት ውሃዋን ያገኘችው በአብዛኛው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ ከዙሪያው ተራሮች በሚታጠብ ደለል እየሞላ ሲሄድ የከተማዋ ሕዝብ ደግሞ እየበዛ መጥቷል፤ ነዋሪውም ውሃ በፈረቃ መጠበቅንና ጀሪካን መደርደርን ለምዷል። ገጠር ደግሞ ሴቶችና ልጃገረዶች ከምንጭ ቀድተው ዳገት ይወጣሉ። በጀርባ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ለመጠጥና ለምግብ ይሆናል፤ እጅ መታጠብ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

መፍትሔው ጥቂት ውሃ ለብዙ እጅ የሚያዳርስ ዕቃ ማዘጋጀት ነው። የግማሽ ወይም የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይወሰድና ከግርጌው አጠገብ በጋለ ሚስማር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ውሃ ሞልቶ ክዳኑ ሲጠብቅ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል፤ ክዳኑ ላላ ሲል በቀጭኑ ይወርዳል። በገመድ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ይታሰራል፤ ሳሙናው ተበስቶ በክር ጎኑ ይንጠለጠላል። ልጅ ብቻውን ይታጠብበታል፤ አስታጣቢ አያስፈልግም፤ በሳፋ ከመታጠብ በተለየም አንዱ የሌላውን እድፍ አይወርስም። ዕቃው መንጠልጠል ያለበት እጁ በሚቆሽሽበት ቦታ ላይ ነው። ሃያ እርምጃ ሄዶ ጓዳ ውስጥ የሚፈለግ ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል።

የመጠጥ ውሃን በተመለከተ አንድ ልዩነት ማወቅ ያሻል። ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ ተቅማጥና ኮሌራ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ጃርዲያ ላይ ግን ኃይሉ ይቀንሳል፤ የወስፋት እንቁላልንም አይገድልም። ጥገኛን በሚመለከት አስተማማኙ ማፍላት ነው። የፈላው ውሃ ክዳን ባለው፣ አንገቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ ነክሮ መቅዳት የደከሙበትን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

በወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማው ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮትም በዚሁ ዓይን ይታይ። ኮምጣጤና ሎሚ እንቁላሉን አይገድሉትም። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለይቶ፣ ውሃው ተቀያይሮ፣ በእጅ እየታሸ መታጠብ አለበት፤ ካሮት ይላጥ። ቆስጣና ጎመን በደንብ ሲበስሉ ስጋት የለባቸውም።

ጉድጓዱና ክዳኑ

እጅ መታጠብ እንቁላሉን በመጨረሻው በር ላይ ይይዘዋል። ከምንጩ የሚያስቀረው ሽንት ቤት ነው። ሽንት ቤት ከኮሶ ትልም፣ ከወስፋትም፣ ከአሜባም በአንድ ጊዜ ይከላከላል፤ ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲቀረጽ ከያዛቸው 16 ፓኬጆች ብዙዎቹ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን የሚመለከቱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዳገት ወጥተው፣ ቤት ለቤት ዞረው ብዙ ሽንት ቤት አስቆፍረዋል፤ ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ መሆናቸው የተነገረላቸው ቀበሌዎችም ጥቂት አይደሉም። ችግሩ የሚመጣው ከተቆፈረ በኋላ ነው። የደምቢያ ሜዳ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አፉ በድንጋይ ያልተገነባ ጉድጓድ አንድ ሁለት ክረምት አልፎ ይደረመሳል። በደጋው ደግሞ ቋጥኝ ስለሚያጋጥም ጉድጓዱ ጥልቀት ሳያገኝ ይቀርና ቶሎ ይሞላል። አንዴ የተደረመሰበት አባወራ ሁለተኛ ለመቆፈር ልቡ አይነሣም፤ ቤተሰቡም ወደ ቁጥቋጦው ይመለሳል። ስለዚህ ሲቆፈር የአፈሩን ጠባይ አይቶ የላይኛውን ክፍል በድንጋይ መገንባት፣ ጎርፍ እንዳይገባ ዙሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ወለሉን የሚታጠብ አድርጎ መሥራት፣ ቀዳዳውንም በክዳን መዝጋት ያስፈልጋል። ክዳን ከሌለ ዝንብ ጉድጓዱንና ገበታውን ያገናኛቸዋል። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁም አይዘንጋ።

ጥሩ ሽንት ቤት ባለበት ቤትም የሚታለፍ ሰው አለ፤ ሕፃኑ። የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወስፋት በብዛት የሚገኘው በልጆች አንጀት ውስጥ ስለሆነ ወደ ግቢው እንቁላል በብዛት የሚገባው ከእነርሱ ነው። በፖፖ ተቀብሎ ሽንት ቤት መክተት፣ ፖፖውንም አጥቦ ውሃውን እዚያው መድፋት የእናት ብቻ ሳይሆን የአባትም ሥራ ነው።

የኮሶ ትል ሁለተኛ በር ሥጋው ነው። ሥጋ መሐሉ ድረስ ሲበስል እጩ ይሞታል፤ አዋዜም ሚጥሚጣም አይገድሉትም። ጥሬውን የማይተው ሰው ቢያንስ በቄራ ምርመራ አልፎ ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ ይምረጥ፤ ምርመራው ግን ሁሉንም ያያል ማለት አይቻልም።

ወደ ጣና ሲወረድ

ከጎንደር ወደ ደምቢያና ወደ ጣና ዳርቻ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ጥገኞቹም ይለያያሉ። የመንጠቆ ትል በአፍ መግባት አያስፈልገውም፤ ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ የተፈለፈለው እጭ ባዶ እግር ቆዳ በስቶ ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆም ደም ይመጥጣል። ለእርሱ ሽንት ቤትና ጫማ ናቸው መድኃኒቱ። ቢልሃርዚያም እንዲሁ በቆዳ ይገባል፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አልፎ ስለሚመጣ በሐይቁ ዳር መዋኘትና ልብስ ማጠብ ያጋልጣል። ዓይነ ምድር ወደ ውሃው ካልደረሰ ቀንድ አውጣው አይያዝም፤ ሰውም አይያዝም።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ግኝቱ የመጣው ከሆድ ውጭ ያለውን የጥገኛውን መንገድ በማየት ነው።

ሀገር ሲወስን

በትል የተያዘ ሀገር እንደዚያው ይኖራል የሚል ካለ ደቡብ ኮሪያን ይይ። እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገ ሀገር አቀፍ ምርመራ ከኮሪያውያን 84.3 በመቶ ያህሉ የአንጀት ጥገኛ ተገኝቶባቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ገበሬው የሰው ዓይነ ምድር ለማዳበሪያ ይጠቀም ነበር። መንግሥት ተማሪዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ እያስመረመረ የተገኘበትን ያክም ነበር፤ ጎን ለጎንም የሰው ዓይነ ምድርን ማዳበሪያ ማድረግ ቀረ፣ ሽንት ቤትና የቧንቧ ውሃ ተስፋፋ። በ1992 ቁጥሩ 3.8 በመቶ ሆነ። ሀያ ዓመት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው፤ ክኒኑና ንጽሕናው አብረው ስለሄዱ።

ይህ ሐሳብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ደምቢያን ከመታው ከባድ የወባ ወረርሽኝ ማግስት በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን። ሦስቱ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትጠይቃለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ ያደገ ነው። መሥራቾቹ ሕክምናና የአካባቢ ንጽሕና እንደማይነጣጠሉ ከ70 ዓመት በፊት ተረድተው ነበር።

ስለዚህ ክኒን በሚታደልበት ሳምንት ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችም አብረው ይጠየቁ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ክዳንና በር አለው ወይ? ከበሩ አጠገብ ውሃና ሳሙና አለ ወይ? የልጆቹ ጥፍር ተቆርጧል ወይ? ወላጅ በወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ፣ ቀበሌው በወርኃዊ ስብሰባው፣ ዕድሩም ድንኳን ሲተክል የእጅ መታጠቢያ አብሮ በመትከል እነዚህን ጥያቄዎች የራሱ ያድርግ። ቤት ውስጥ ደግሞ ነገ ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ማስታጠቢያው ለመጀመሪያው ዙር ሲመጣ ሳሙናው አብሮ ይምጣ።